የአልጋ ወራሹ ማንኪያ

እትዬ ሽሮፕ ይሏታል፤ ዕድሜዋን የፈጀችው የልጆች የሳል ሽሮፕ በሚቀመምበት ክፍል ነውና። የመድኃኒት ፋብሪካውን ያቋቋሙት ሽማግሌ አንድ ደንብ ነበራቸው፤ አዲስ ምርት ተፈትሾ ከመጋዘን ሲወጣ፣ ሠራተኛው ፊት ቆመው አንድ ማንኪያ ይጠጣሉ። «እኔ ያልዋጥኩትን የሰው ልጅ አይውጥም!» ይሉ ነበር። ማንኪያውን የምታቀርብላቸው እሷ ነበረች። ሆስፒታሎች ሽሮፑን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያዙትም የእሳቸውን ስም አምነው ነበር።

ሽማግሌው ሞቱ። ወንበሩ ለማን ይገባል? መድኃኒት ሲቀምም ለኖረው ምክትላቸው እንዳትሉ! የተሰጠው ለልጃቸው ነው፤ ችሎታው ምንድን ነው ቢባል ከእሳቸው መወለዱ። ሠራተኛው «አልጋ ወራሽ» ብሎ ስም አወጣለት። አልጋ ወራሹ ምንጣፍ አስቀየረ፣ ምክትሉን አባረረ፣ ርካሽ ጥሬ ዕቃ አስገባ፤ ይህንንም «ራዕይ» አለው።

አንድ ጠዋት የላቦራቶሪው ውጤት ሳይደርስ «ሽሮፑን ጫኑ» ብሎ አዘዘ። እትዬ ሽሮፕ ጠርሙስና ማንኪያ ይዛ የመጋዘኑ በር ላይ ጠበቀችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የአባትዎ ደንብ ነው፣ ጌታዬ። ላቦራቶሪው ካልደረሰልን እርስዎ ይቅመሱልን።»

«እኔ ስኳር አለብኝ።»

«ትናንት የልደትዎን ኬክ ሲቆርሱ ስኳሩ የት ሄዶ ነበር?»

ጫኞቹ በሳቅ ፈረሱ። አልጋ ወራሹ ወደ ዘበኛው ዞሮ «ይቺን ሴትዮ አውጣልኝ!» ሲል ጮኸ።

ዘበኛው ቆቡን አወለቀ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። «ጌታዬ፣ ትንሿን ልጄን ሳል አላስተኛት ብሏል። ከዚህ ልስጣት?»

አልጋ ወራሹ ያልጮኸ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ «አቤት፣ አቤት» እያለ ወደ መኪናው ሸሸ። ጫኞቹም ካርቶኑን መሬት አውርደው ላዩ ላይ ተቀመጡበት።

ከሰዓት በኋላ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፤ ጥሬ ዕቃው የተበከለ ስለሆነ ሽሮፑ ይወገድ።

ሽልማት ጠብቃችሁ ይሆናል። እትዬ ሽሮፕ «ሥነ ሥርዓት ጥሳለች» ተብላ ከሥራ ተሰናበተች። በዚያው ሰሞን፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ቴሌቪዥን ስታይ፣ አልጋ ወራሹ ደረቱን ነፍቶ ብቅ አለ። «ለሕፃናት ጤና ስል ምርቱን ያስቆምኩት እኔ ነኝ» ይላል። የፋብሪካው ቦርድ አባላት ያጨበጭባሉ።

«አጥፊው እባክሽ፣ ደምሽን አታፍይ» አላት ባሏ።

«ተወኝ! እስኪያፍር ልጠብቀው።»

ዜናው አልቆ የአየር ጠባይ ተጀመረ።