የዌልሱ ማሊያ

እሁድ እሁድ ጨዋታ ሊጀመር ሲል አሁን ዝም ብለን ነው የምንቆመው። ድሮ የሚናገሩት አጎቴ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። እዚህ ስደት አገር፣ ኮዝሞ ሲቲ ሰፈር ስፓዛ የሚባሉትን ትንንሽ ሱቆች ለምንሠራ ልጆች ቡድን ማሊያ የገዙልን ዱርንፎንቴን ገበያ፣ ከሰልባጅ ቦንዳ ነው። ደረቱ ላይ የአንዲት ትንሽ የዌልስ ከተማ ክለብ አርማ ነበረበት። ጋሼ የክለቡን ታሪክ ስልካቸው ላይ ፈልገው አጠኑት። ከሰል ቆፋሪዎች እንደመሠረቱት፣ የማዕድን ጉድጓዱ ሲዘጋም የሜዳውን ሣር ሚስቶቻቸው እያጨዱ እንዳቆዩት በየጨዋታው ይነግሩን ነበር። «የማንን ማሊያ እንደለበሳችሁ እወቁ!» ይላሉ። እኛ ደግሞ «ሻርፕ ጋሼ፣ እሺ፣ ሰምተነዋል» እያልን እንስቅባቸዋለን።

አምና የአንድ ስመ ጥር ክለብ ማሊያ ገዛንና አሮጌውን የሱቅ መወልወያ አደረግነው። ጋሼ ብቻ የዌልሱን እንደለበሱ መስመሩ ዳር ይቆሙ ነበር።

ከሁለት ወር በፊት አስከሬናቸው ወደ አገር ቤት ሲሸኝ ባለቤታቸው ጠሩን።

«ልጆቼ፣ ያንን ማሊያችሁን ለብሳችሁ ተሸከሙልኝ፤ ደስ ይለዋል።»

አንገታችንን ደፋን። ማሊያው አንዳችንም ጋ አልነበረም።

ነገሩ ሲገባቸው ወደ ሳጥኑ ዞር አሉ። «ግዴለም፤ እሱ ለብሶታል» አሉን።