ሙሉአለም የዘለለቻቸው ገጾች

ሙሉአለም አራተኛውን መጽሐፍ እስከ ግማሽ ስታደርስ ደራሲውን በቁሙ ረገመችው። «ምነው እጁን በቆረጠው!» አለች ብቻዋን፣ እሑድ ከሰዓት በአቃቂ የኪራይ ቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ።

ለምን አትረግመው! ጊዜው የጃንሆይ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የክር ማጠንጠኛ ሴቶች ምሳቸውን የሚበሉት ከአጥሩ ጥግ ነው፤ ከመካከላቸው ፊደል የለየችው የማታ ትምህርት የገባችው ሙሉአለም ብቻ ናት። ስለዚህ የዚህን ደራሲ ተከታታይ መጻሕፍት፣ የሻምበል ናደውን ታሪክ፣ ጮክ ብላ የምታነብላቸው እሷ ነበረች። ናደው መርማሪ ፖሊስ ነው፤ አረቄ ይወዳል፣ አይስቅም፣ የሌባ ዱካ ካገኘ አይለቅም። ሴቶቹ ሞተውለታል። «ወንድ ማለት ይሄ ነው!» ትላለች አንዷ። «ሚስት እንኳ የለውም፤ ማን ይሆን ሸሚዙን የሚያጥብለት?» ትላለች ሌላዋ። ሦስተኛው መጽሐፍ ላይማ «ቀዘቀዘ፣ ወሬ አበዛ» ብለው እንደ ባል አኩርፈውት ነበር።

ችግሩ ናደው ይመታል። ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሮ የያዘውን ሁሉ ይመታል። ሙሉአለም እዚያ ስትደርስ ትዘላለች፤ «ናደው በትዕግሥት ጠየቀው» ብላ ከራሷ ትሞላለች። መጀመሪያ አፏ አልደፍር ብሏት ነው፤ ኋላ ሴቶቹ ሲወዱት ጊዜ እሷም ወደደችው። አሁን ደግሞ ይኸው ደራሲ፣ ምን እንዳስቀየሙት እንጃ፣ ናደው አንዲት የፈትል ሠራተኛ በጥፊ እያጮለ ያላደረገችውን እንድታምን አደረገ። መጽሐፉ የሚያሞግሰውም እሱኑ ነው! ሰኞ ሙሉአለም ይህንንም ዘለለችው።

በዚያው ሰሞን ከፋብሪካው መጋዘን ጣቃ ጣቃ አቡጀዲ ጠፋ። የመጋዘኑ ዘበኛ ሳህሌ ለምርመራ ይፈለጋል ተባለ። ሚስቱ አስካለማርያም ከክር ማጠንጠኛዎቹ ሁሉ ትልቋ ናት፤ ሙሉአለምን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ሳህሌ ነገሩ እስኪበርድ አገር ቤት ልግባ ይላል። እኔ ግን ምን አጥፍተህ ትሸሻለህ፣ ሄደህ ቃልህን ስጥ ልለው ነው። እንደ ናደው ያለ ሰው ንጹሑን ከሌባው ይለያል። አይደለም እንዴ ሙሉዬ?»

ንገሪያት፣ አላት ሙሉአለምን ልቧ። ግን ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ስዋሻችሁ ነበር በምን አፍ ይባላል? ከእንግዲህስ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማታል?

«ይለያል፣ እትዬ» አለች።

ሳህሌ በእግሩ ሄደ። በአራተኛው ቀን በሰው ትከሻ ተመለሰ፤ የውስጥ እግሩ አብጦ መሬት አይረግጥም። ሌባው ሌላ ሰው ሆኖ ስለተገኘ ነው የለቀቁት፤ ይቅርታ ያለው የለም።

ከሳምንት በኋላ አስካለማርያም ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከአጥሩ ጥግ መጣች። ፊቷ ጠቁሯል። ሌሎቹ ፖሊሶቹን ሲራገሙ እሷ ራሷን ነቀነቀች።

«የኛዎቹ ናቸው አረመኔ። ናደው ቢሆን ኖሮ ጣቱን አያሳርፍበትም ነበር። በይ አንብቢልኝ ሙሉዬ፤ እሱን ልስማና ትንሽ ይውጣልኝ።»

ይሄኔ ሙሉአለም ገነፈለች። መጽሐፉን ሣሩ ላይ ወረወረችው።

«ይመታል!» ብላ ጮኸች። «ናደውም ይመታል! እየዘለልኩ ነው ያነበብኩላችሁ! ደጉን ናደው የፈጠርኩት እኔ ነኝ! ይሄ የተረገመ ደራሲ፣ ይሄ እጁ ይቆረጥና…»

«ደራሲውን ተይው» አለች አስካለማርያም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እሱስ ጽፎታል። ባሌን ልላከው ወይ ብዬ ስጠይቅሽ፣ አንቺ ይሄን አንብበሽው ነበር?»

ሴቶቹ ሁሉ ሙሉአለምን ያያሉ።

«አንብቤው ነበር፣ እትዬ።»