በሞተሬ ጎን የታሰረው መንፊያ

ላም አዳቃይ ነኝ። ሸዋሮቢት ተቀምጬ የቀወትን ቀበሌዎች በሞተር እዞራለሁ። ከኋላዬ የኮርማ ዘር በናይትሮጂን ቀዝቅዞ የሚቀመጥባት፣ እንስራ የምታክል የብረት ዕቃ ታስራለች፤ ክዳኗ ሲከፈት ነጭ ጭስ ትተፋለች። ሰፈርተኛው "ባለሞተሩ ኮርማ" ብሎ ሰይሞኛል። ሚስቴ መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥታ ነበር፤ አሁን ሳመሽ እሷም "ኮርማው ገና አልገባም" ትላለች።

ሥራዬ ቀጠሮ አያውቅም። ላም ኮርማ ስትፈልግ ፍላጎቷ አንድ ቀን እንኳ አይሞላም፤ ያ ሰዓት ካለፈ ሌላ ሦስት ሳምንት መጠበቅ ነው። ስለዚህ ገበሬ ሲደውልልኝ ጉርሻዬን በአፌ ይዤ እነሳለሁ። ችግሩ የቆላችን የግራር እሾህ ነው፤ ለእኔ ጎማ ብሎ የበቀለ ይመስላል። ማስቲሽና መጠገኛ ከቦርሳዬ አይጠፋም፤ የጎማ መንፊያ ግን ለዓመታት ሳልይዝ ዞርኩ። ንፋሱን ለፈጣሪና ለጎሚስታ ትቼው ነበር።

እንዲህ እያልኩ ስኖር አንዲት እናት ደወሉልኝ። አጣዬ ስትቃጠል ቤታቸውና ሱቃቸው ነዶባቸው፣ ቀወት ወንድማቸው ግቢ ተጠግተው የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። በእጃቸው የቀረች ሀብት አንዲት ጊደር ናት። ከወለደች ወተት ሸጠው ራሳቸውን ይችላሉ። እስካሁን ግን ከኮርማ ጋር ብትውልም አልያዘችም።

"ወንድሜ ሰልችቶታል፤ ካልያዘች ለዐረፋ ትሸጥ ብሏል" አሉኝ። "ዛሬ ስትጮህ ነው ያደረችው። ድረስልኝ የኔ ልጅ።"

ግማሽ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። ቀዳዳውን ደፈንኩት፤ የምነፋበት ግን የለኝም። በዚያ ሐሩር ሞተሩን አሸዋ ላይ እየገፋሁ ስደርስ ቀኑ አልቆ፣ ጊደሯ ረግታ ታመነዥካለች። አልፏታል። ወንድምየው ሊቆጣኝ እንኳ አልፈለገም፤ "ለዐረፋ ትደርሳለች" ብሎ ወደ ማሽላው ሄደ። እትዬ ግን ላቤን አይተው "ኧረ ውሃ! ልጁ ሞተ!" አሉ። ውሃውን ስጠጣ ዕቃዬን ትክ ብለው አዩና "ይሄ ጭስ የሚተፋው ጎማ አይነፋም?" ሲሉኝ፣ ከነኀዘኔ ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ያለውን ሁሉ ባንኮኒው ላይ ደረደረልኝ። አንደኛው በሽቦ ከሞተር ባትሪ ጋር እየተያያዘ የሚሠራ ነው፤ የኔ ሞተር ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ በእርግጫ ነው የማስነሳው። በእግር የሚረገጥም አለ፤ ወገብ አይፈልግም ብዬ ስሞክረው መርገጫው እዚያው ሱቁ ውስጥ ጎበጠ። ልቤን የወሰደው ትንሹ ነው። እንደ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል፣ ኪስ ይገባል፣ የንፋሱን ልክ በቁጥር ያሳያል፣ ሲበቃው ራሱ ይቆማል። ለደንቡ ያህል "በእጅ የሚነፋ የለህም?" አልኩት።

"በዚህ ዘመን?" አለኝ።

አፈርኩና ትንሹን ገዛሁ።

በገበያ ቀን እትዬ ቢሮዬ ድረስ መጡ። በሻርፕ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፈዋል። ሲፈቱት ቀለሙ የተላጠ የብረት መንፊያ ነው፤ ከሥሩ በእግር ተረግጦ ላዩን በሁለት እጅ የሚገፋው፣ ድሮ የምናውቀው ዓይነት።

"የሟች ባለቤቴ ነው፤ አጣዬ ሳይክል ያከራይ ነበር" አሉ። "እንደዚያ ቀን እንዳትሆንብኝ ያዘው። ውስጥ ያለው ቆዳ ሲደርቅ ንፋስ አይዝም፤ ዘይት አጠጣው።"

እኔ እኮ ገዝቻለሁ ማለት አቃተኝ። በእግራቸው ያን ሁሉ መንገድ ተሸክመውት መጥተዋል። ተቀብዬ ከሞተሬ ጎን አሰርኩት። መንገድ ላይ ይንቀጫቀጫል፣ ጉልበቴን ይመታኛል፤ ጎሚስታው ሲያየኝ "ኮርማው ደግሞ ጦር ያዘ!" ብሎ አሳቀብኝ። እውነቱን ለመናገር ለይሉኝታ እንጂ ይጠቅመኛል ብዬ አልነበረም።

ሦስት ሳምንቱ ሲሞላ እትዬ በጠዋት ደወሉ። ድምፃቸው ፈርቷል። "ይቺ የመጨረሻዋ ናት" አሉኝ። ገና ስልኩን ሳልዘጋ ሞተሬን ረገጥኩ። እሾሁም እንደ ባለቀጠሮ መንገድ ላይ ጠበቀኝ። ጎማውን ፈትቼ ደፈንኩና ትንሹን መንፊያ በኩራት አወጣሁ። ቁጥሩን አሳየኝ፤ ጥቂት አጉረመረመ፤ ጠፋ። ለካ መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ አልሞላም። ቢሰድቡት የማይሰማ ዕቃ ሰደብኩ።

የእትዬን መንፊያ ፈታሁ። መጀመሪያ ምንም የሚገባ አልመሰለኝም። ከዚያ ክንዴን መግፋት ጀመረ፤ ጎማውም በቀስታ ከመሬት ቀና አለ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ያንን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን ሳይክል አከራይ ጮክ ብዬ አመሰገንኩት። ፍየል የሚጠብቁ ሴት ዘወር ብለው አዩኝ፤ ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ስደርስ ጊደሯ ገና ትጮሃለች። ወንድምየው ሳይወድ በግዱ ቀንዷን ያዘልኝ፤ ሥራዬን ጨረስኩ። እትዬ ጓሮ ዞረው ዱዓ ያደርጉ ነበር። ከዚያ በኋላ የነበረው ጥበቃ ነው። ሦስት ሳምንት ሲሞላ ስልኬን ከእጄ አላወረድኩም፤ አልተደወለም፤ ጊደሯ ዳግም አልጮኸችም ማለት ነው። ቀጣዩም ሦስት ሳምንት እንዲሁ በዝምታ አለፈ። ዐረፋ ሲደርስ ወንድምየው በግ ገዛ።

ጊደሯ ወሯን ጠብቃ ወለደች፤ ሴት ጥጃ። ዜናውን ስሰማ መንፊያውን ወለወልኩ፣ ቆዳውን ዘይት አጠጣሁና ልመልስ ሄድኩ። እትዬ ከእንገሩ ለጎረቤት ሁሉ አድርሰው የኔን ድርሻ ከድነው አቆይተውልኛል። በልቼ ስጨርስ መንፊያውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

"እትዬ፣ አላህ ይስጥልኝ። አደራዎን መለስኩ።"

አላነሱትም። ጥጃዋን እያዩ ያወሩኝ ጀመር።

"ያኔ አጣዬ ሳለሁ ይሄን አንድ ጎረቤት ተውሶ ካራቆሬ ይዞት ሄዶ ነበር። ለምን አልመለሰም ብዬ ሳማው ነው የሰነበትኩት። ከዚያ ያ ቀን መጣ። ቤት ያኖርኩት ሁሉ ነደደ፤ ሰው እጅ ያለው ተረፈልኝ። ውሰደው ልጄ፤ አንተ ጋ ይቀመጥልኝ።"

ወስጄ እንደገና ከሞተሬ ጎን አሰርኩት።

እኔ ዕቃዬን ማዋስ የማልወድ፣ ካቻቪቴ እንኳ ሰጥቼ እዚያው ቆሜ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ባለባትሪው መንፊያ ዛሬ ቤት ውስጥ የልጆቼን ኳስ ይነፋል፤ መብራት ካለ። የእትዬ ግን ይሄን ስጽፍ ሞተሬ ላይ የለም። ባለፈው ሳምንት አንድ ባለባጃጅ ጎማው ተንፍሶበት መንገድ ላይ ቆሞ አገኘሁትና ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰም። ደውዬም አልጠየቅሁትም።