አንድ ነጥብ አራት ያመጣሁ ጊዜ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ቡራዩ እቤታችን ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ታክሲ ውስጥም ብሆን ብቻዬን ስለምስቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል። ልንገራችሁና ይውጣልኝ።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ጀርመን አገር ላለ አንድ ኮሌጅ አመልክቼ ነበር። የውሃ ምህንድስና በነፃ ያስተምራል። አማካይ ውጤቴ ከመቶ ዘጠና ሦስት ስለሆነ ደረቴን ነፍቼ ነበር የላክሁት። አንድ ቀን ጠዋት በኢሜይል መልስ መጣ። ውጤቴ በእነሱ አሠራር ሲቀየር 1.4 እንደሆነና ሰኞ በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ እንዳለኝ ይናገራል።

አንድ ነጥብ አራት! ስልኬን ይዤ ወደ ወንድሜ ሮጥኩ።

ወንድሜ ሙስጠፋ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ገላን ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ስልኬን ተቀብሎ አየ። "ከአራት ነው የሚታሰበው" አለ ቀስ ብሎ። "እኛ ግቢ ከሁለት በታች ያመጣ ሻንጣውን ይዞ ነው የሚወጣው።"

ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው አባቴ ግን ሊዋጥለት አልቻለም። "ዘጠና ሦስት ልከሽ አንድ ነጥብ አራት ደረሰ? ሌላውን ጉምሩክ ያዘው እንዴ?"

እናቴ አለቀሰች። ጎረቤታችን ኦቦ ጉደታ ወሬውን ሰምተው ዳቦ ይዘው ሊያጽናኑን መጡ። "ጀባዹ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ በርቺ። ሰበታም ኮሌጅ ሞልቷል" አሉኝ። ይሄኔ እኔም አለቀስኩ።

ቃለ መጠይቁን ልተወው ወስኜ ነበር። አባቴ ግን "ሳይከራከሩ ከሱቅ መውጣት ምን የሚሉት ነው?" ብሎ ተቆጣኝ።

ሰኞ ዕለት ኔትወርክ የሚሻለው ሱቃችን ውስጥ ስለሆነ በጥቅል ጨርቆች መሐል ተቀመጥኩ። አባቴ፣ ሙስጠፋና ኦቦ ጉደታ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመዋል። የኮሌጁ ሴትዮ ገና ሰላም ሳትለኝ በእንግሊዝኛ ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ውጤቴ እንደሚያሳፍር አውቃለሁ፣ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ እየኖርን የቧንቧ ውሃችን በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፣ ምክንያቱን ተምሬ ማስተካከል እፈልጋለሁ፣ አንድ ዕድል ብቻ ስጡኝ አልኳት።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። "የቱ ነው የሚያሳፍረው?" አለች። "እኛ ጋ ትልቁ ውጤት አንድ ነው። አራት ማለት ለጥቂት ያለፈ ነው። እስካሁን ካነጋገርኳቸው ሁሉ ያንቺ ይበልጣል።"

"ምን?" ያልኩት በአማርኛ ነው። ከዚያ ጩኸቴን ለቀቅኩት። እንግሊዝኛ የሚሰማው ሙስጠፋ ሲዘል መጋረጃው ከነዘንጉ ወደቀና ሦስቱም ካሜራው ፊት ተጋለጡ። አባቴ ምን እንደተባለ ሳያውቅ ያቅፈኛል። ኦቦ ጉደታ "በጋ ገመዴ! እንኳን ደስ አለሽ!" እያሉ ለሴትዮዋም እጅ ይነሳሉ። እሷም ከሳቋ ተመልሳ ጥያቄዋን እስክትጀምር ብዙ ቆየች።

አልፌያለሁ። ቪዛዬም ደርሷል። ያን ቀን ቃለ መጠይቁን ትቼው ቢሆን ኖሮ ብዬ ሳስብ አሁንም እፈራለሁ፤ ግን ሱቅ ውስጥ ከአባቴ ጋር ሆኖ ብዙ መፍራት አይቻልም። ለገባ ደንበኛ ሁሉ "ልጄ እኮ አንድ ነጥብ አራት አመጣች!" ይላል። ትናንት አንዲት ሴት ፊቷ ጥቁር አለ። "አይዞዎት፣ ለበጎ ነው። ታዲያ ምን ልታደርጓት አሰባችሁ?"

አባቴ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ። "ጀርመን ልንልካት ነዋ!"

እኔ በደስታና በሳቅ ጨርቁ ላይ ዘፍ አልኩ።