ምርቃት የማይጣልበት ባሩድ

እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የእህቴ ባል ሜስኪት ከተማ ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የጠመንጃ ጥይት ይሠራል። የተተኮሰ ቀለሃ ይሰበስባል፣ ያጸዳል፣ አዲስ ባሩድ ይሞላና አረር ይገጥምበታል። ይሥራ! ቴክሳስ ነው፣ ማን ይከለክለዋል? መጽሐፍም አለው። ለየጥይቱ በስንት ባሩድ እንደሚጀመር፣ የቱ ጣሪያ እንደማይታለፍ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። ጣሪያውን ካለፍክ ግፊቱ ብረት ይበትናል፤ ብረቱ ደግሞ ያለው ጉንጭህ ሥር ነው።

እሱ ግን አገር ቤት ባለሱቅ ነበር። ስኳር መዝኖ ሲጨርስ አንድ እፍኝ ጣል የሚያደርግ፣ ሰው ያለ ምርቃት የማይሸኝ። ደግ ነው፣ አልክድም። ደግነቱን ባሩድ ላይ ይዞት ይመጣል ብሎ ማን ጠረጠረ?

ባለፈው መኸር፣ አንድ ቅዳሜ፣ ከፎርት ዎርዝ ወጣ ብሎ ወዳለ የተኩስ መለማመጃ ሄድን፤ እኔ፣ እሱና እህቴ። አዲስ ሳጥን ከፍቶ "ለአንተ ብዬ ነው የሠራኋቸው" አለኝ። ደስ ብሎኝ አንዱን ጠመንጃው ውስጥ አጎረስኩና ቃታውን ሳብኩ።

ወይ ጉድ! ትከሻዬ የተገነጠለ መሰለኝ። መዝጊያውን ልከፍት ብል እምቢ አለ። ታግዬ ስከፍተው የወጣው ቀለሃ ቂጡ ላይ ያለው መቀጣጠያ ተጨፍልቆ ልጥፍ ብሏል። መጽሐፉ "እዚህ ላይ አቁም" የሚልበት ምልክት ይኸው ነው።

"ምን አድርገህበት ነው?" አልኩት።

"ምንም። ያው... ከጣሪያው ላይ ትንሽ ምርቃት ጣል አድርጌበታለሁ። ማለቴ፣ ለዘመድ ቆጥቤ ልሙላ እንዴ?"

ምርቃት! እኔ ፊት ላይ! ከኧርቪንግ ከተማ ኤርፖርት በመኪና ሰው እያመላለስኩ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ዓይኔ ቢጠፋ መሪውን ማን ሊይዝልኝ ነው? "አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?" ብዬ ጮህኩበት። በዙሪያችን ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ይዩና!

እሱ እቴ! "ደህና አይደለህ እንዴ? ምን ያስጮህሃል? ጠመንጃው ጠንካራ ነው፣ ይችላል" አለኝ። ይባስ ብሎ ሌላ ጥይት አነሳና ለእህቴ ዘረጋላት። "በይ፣ ተራሽ ነው።"

እጁን ለመያዝ ስንደረደር እህቴ ቀደመችኝ። ጥይቱን ተቀብላ አገላብጣ አየችውና መልሳ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይችላል ካልክ፣ አንተ ተኩሰው" አለችው።

ጠመንጃው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። እሱ ጥይቱን እንደያዘ ቆመ። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ ጥይቱን ወደ ሳጥኑ መለሰና ክዳኑን ገጠመ።

ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ሳጥን እሱ ራሱ አንድም ተኩሶ አያውቅም። የሞከረው እኔ ላይ ነው።