ባጃጄ ውስጥ የቀረች ነፍስ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም። የሰሙት ሰዎች የደግነት ታሪክ ይመስላቸውና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «አንተስ ጥሩ ሰው ነህ» ይሉኛል። እኔ ግን ባስታወስኩት ቁጥር ትንሽ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር ወደ በኋላ እናገራለሁ።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ እነዳለሁ። ባጃጅ የሚነዳ ሰው ሳይወድ በግዱ የጠፋ ዕቃ ጠባቂ ይሆናል። ጃንጥላ ይረሱበታል፣ መድኃኒት ይረሱበታል። አንድ ጊዜ እግሯ የታሰረ ዶሮ ቀርታብኝ ባለቤቷ እስክትገኝ ድረስ እኔ ዘንድ ሁለት ዕንቁላል ጥላለች። ዕንቁላሎቹንም ጭምር አስረክቤያለሁ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሰው ዕቃ እጅህ ከገባ አማና ነው፣ እንደተቀበልከው ሆኖ ለባለቤቱ መመለስ አለበት እያለ ነው ያሳደገኝ። ጃንጥላ ይዤ ባለቤቱን ፍለጋ ስዞር የባጃጅ ተራ ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ያን ቀን የገበያ ቀን ነበር፤ ስንት ሰው እንደጫንኩ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ባጃጄን ላጥብ ስል ከኋላ ወንበር ጀርባ አንድ የጫማ ካርቶን አገኘሁ። በሲባጎ ታስሯል፣ ክዳኑ ላይ በሚስማር የተበሱ ቀዳዳዎች አሉበት። ጫጩት ነው ብዬ ከፈትኩት።

ውስጡ ከነጅራቱ ከአንድ ስንዝር የማይበልጥ እንሽላሊት ተኝቷል። መልኩ አሸዋ ይመስላል። ጎንና ጎኑ ላይ፣ ጉሮሮው ሥርም፣ እሾህ እሾህ የመሰለ ነገር አለው። በየድንጋዩ ሥር የምናውቀው የእኛ አገር እንሽላሊት አይደለም። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ቢስሚላህ ብዬ ከደንኩትና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ዘሀራ በሩ ላይ ቆማ ይህን ይዘህ አትገባም አለችኝ። ጅን ቢሆንስ? እባብ ሆኖ ቢያድግስ? ተሳፋሪ የረሳው እንደሆነ፣ ባለቤቱም ሊፈልገው እንደሚችል ነገርኳት። ካርቶኑን አየችው። «የሰው ከሆነማ አማና ነው። ቢሞትብን ምን ብለን ነው የምንመልሰው?» አለችና ከበሩ ፈቀቅ አለች። ቢሆንም ሁለት እርምጃ ያህል እየራቀች ነበር የምታልፈው።

አማቴ ልትጠይቀን መጥታ ስታየው ጫማዋን አወለቀች። እንዲህ ያለውን በአንድ ምት የገደለ አጅር፣ ከአላህ ምንዳ፣ ያገኛል አለች፤ ከሽማግሌ የሰማችው ነው። ዘሀራ መሀል ገብታ እናቷን ያዘቻት። የጠላትም ቢሆን አማና አይነካም ብላ ጫማዋን ከእጇ ተቀበለቻት። እንደዚያ ደፍራ እናቷን ስትመልስ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዲህ አስተዳደጉን አናውቅ፣ ምግቡን አናውቅ። ስሙን እንኳ ስላላወቅን «እንግዳው» እያልን እንጠራው ጀመር። የምናውቀው አንድ ነገር ነው፦ ጨቅላ ነገር ፀሐይና ነፋስ ሊመታው አይገባም። አራስ ልጅ እንዴት እንደሚያዝ ማን ይጠፋዋል? ስለዚህ በር ዘግተን፣ መጋረጃ ጥለን፣ ካርቶኑን ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ጨለማው ጥግ አደረግነው። በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት። ዘሀራ ደግሞ ገና ባጃጅ ውስጥ ሳለ ምች መትቶት ይሆናል ብላ ዳማከሴ ጨምቃ በጥጥ ጀርባውን ቀባችው። ከሁለት እርምጃ ርቃ እንዴት እንደቀባችው አትጠይቁኝ፤ ጥጡን እንጨት ላይ አስራ ነው።

ወተት ሰጠነው፣ አልቀመሰም። ዳቦ በወተት አራስንለት፣ ሩዝ ቀቀልንለት፤ ከሐይቁ ትኩስ አሳ ገዝቼ አጥንቱን ለቅሜ አቀረብኩለት። ወይ ፍንክች። ሦስተኛው ቀን ላይ መልኩ መጥቆር ጀመረ። ጉሮሮው ከሰል መሰለ። እኛም ብርድ ነው ብለን ሁለተኛ ነጠላ ደረብንለት።

ባለቤቱን ፍለጋውም አልተሳካም። የሚኒባስ ረዳቶችን ጠየቅሁ፣ ተራ ላይ አስነገርኩ። ውስጡ ያለውን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ባለቤቱን የምለየው በምን ነው? ጁምዓ ዕለት መስጊድ ውስጥ ካርቶን የጠፋበት ካለ ተብሎ ተነገረልኝ። ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ቁጥር አርባ አንድ ጫማ ነው አለኝ። ሁለተኛው ውስጡ ምን እንደነበረ ስጠይቀው፣ አንተ ቀድመህ ንገረኝና ልክ መሆንህን ልይ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንግዳው ስነካው ራሱን አላነሳም። ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ ሆዱ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ዘሀራ እዚህ ቤት ውስጥ ሲሞት ማየት አልችልም አለችኝ። ካርቶኑን ባጃጁ ውስጥ አድርጌ ወጣሁ። የመጀመሪያው ተሳፋሪ ወደ ሐይቁ ዳር ውሰደኝ አለኝ፣ ወሰድኩት። እሱ ከወረደ በኋላ ሥራ መፈለግ አቃተኝና ውኃው ዳር ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። የት እንደምቀብረው ነበር የማስበው። ባለቤቱ ቢመጣ ምን እንደምለውም።

ትንሽ ራቅ ብሎ መረቡን የሚጠግን ጠና ያለ አሳ አጥማጅ ነበር። አላውቀውም፣ እሱም አያውቀኝም። ሥራውን ትቶ መጣና አጎንብሶ ካርቶኑን አየ። ምንም ሳይጠይቀኝ ሁለቱን ነጠላ ገፈፈና እንግዳውን በመዳፉ አንስቶ ፀሐይ የመታው ጥቁር ድንጋይ ላይ አስተኛው።

ዘልዬ ተነሳሁ። «ምች ይመታዋል አያ!» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀብኝም፤ ቢስቅብኝ መብቱ ነበር። «ሐይቅ ዳር ተወልደህ አርጃኖ፣ ያን ትልቁን የውኃ እንሽላሊት፣ አይተህ አታውቅም?» አለኝ። «ጠዋት ጠዋት እዚህ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ አጠገቡ ብታልፍ አይነቃነቅም። እኔና አንተ እሳታችን ከውስጣችን ነው። የዚህ ፍጥረት እሳቱ እዚያ ነው ያለው» ብሎ ወደ ሰማይ ጠቆመኝ። «አብሽር፣ አልሞተም። ታገስ።»

ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ስልኬ ጠራ፣ አላነሳሁም። መጀመሪያ ጉሮሮው ላይ ያለው ጥቁረት እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ጀርባው ወደ አሸዋ መልኩ ተመለሰ። ሰውነቱን ድንጋዩ ላይ እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ አደረገ። ቀጥሎ አንዱን ዓይኑን ከፈተ።

ሽማግሌው ወደ ሣሩ ሄዶ ጎንበስ ቀና ሲል ቆየና አንዲት ትንሽ ፌንጣ ይዞ መጣ። እንግዳው አፍንጫ ሥር አደረጋት። ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ አያት። ከዚያ ምላሱን ወረወረና ቀለባት። አምስት ቀን ሙሉ አሳና ወተት ስናቀርብለት እሱ የሚፈልገው ፌንጣ ነበር። እንባዬ መጣ፤ የሰላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነኝ፣ ለእንሽላሊት አለቀስኩ። ሽማግሌው ያላየ መስሎ ወደ ውኃው ዞረ።

ስሄድ ለማጥመድ የማይሆን የመረብ ቁራጭ ሰጠኝ፣ ሣጥን ከድንበት፣ አየርም ፀሐይም ያግኝ ብሎ። ሻይ ልጋብዝህ ስለው፣ ሲድን አምጥተህ አሳየኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሕይወቴ ተቀየረ። ከቲማቲም ሣጥንና ከመረቡ ቤት ሠራሁለት። ዘሀራ ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ ፀሐዩን እየተከተለች ሣጥኑን ታዞረዋለች። ማታ ብርዱ ሲመጣ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች። እኔ በተሳፋሪና በተሳፋሪ መሀል መንገድ ዳር ሣር ውስጥ ፌንጣ አሳድዳለሁ። አንድ ቀን የተሳፈሩ አንዲት እናት የኪሴ ብልቃጥ ውስጥ የሚዘለውን አይተው፣ አስቁመውኝ ወርደው በእግራቸው ሄዱ። ተራ ላይ ስሜ ተረስቶ «ፌንጣ ለቃሚው» ተባልኩ።

እንግዳው አንድ አመል ነበረው። ሰው ሲጠጋው የፊት እግሩን አንስቶ ቀስ አድርጎ ያውለበልባል። ዘሀራ መጀመሪያ ስታየው ሰላምታ ሰጠኝ አለች። ከዚያ በኋላ በሣጥኑ ባለፈች ቁጥር «ወአለይኩም ሰላም» ትለዋለች፤ ጎመን ቀጭን አድርጋ ከትፋም በእጇ ታበላዋለች። እንጨት ላይ የታሰረው ጥጥ ቀረ። እኔም ጭንቀት ገባኝ፤ ይህን አማና ለባለቤቱ የምንመልሰው እንዴት ሆነን ነው?

ጥር ሲገባ መጣች። ተራ ላይ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ሀያ ሁለት ሀያ ሦስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ባጃጁን ዙሪያውን አየችና ወደ እኔ ቀረበች። ስሟ ሰናይት ነው። ቀና ብላ ልታየኝ አልቻለችም።

«ካርቶኑ የእኔ ነበር» አለችኝ። «የቀበርክበትን ልታሳየኝ ትችላለህ?»

 ተሳፈሪ አልኳትና ወደ ቤት ነዳሁ። ዘሀራን ጠራኋት፣ ሣጥኑን ይዛ ወጣች። እንግዳው በእጥፍ አድጓል፤ ጉሮሮው ሥር ያለው እሾህ ጺም መስሏል። ሰናይት መሬት ላይ ተንበረከከች። እሱ እግሩን አንስቶ አውለበለበላት። ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እኔ ለስድስት ሳምንት ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። አማናሽ ይኸው፣ ጅራቱም እግሩም ሙሉ ነው፣ የሚበላው ይህን ነው፣ ፀሐይ ካላገኘ ይጠቁራል አልኳት።  ዘሀራ ሣጥኑን አቅፋ ቆማለች፤ ልትሰጣት እጇን አልዘረጋችም።

ሰናይት ያን ጊዜ እውነቱን ነገረችን። ኮምቦልቻ አንድ የውጭ አገር ሰው ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ከጨቅላነቱ ጀምሮ ያሳደገውን ይህን ጺማም እንሽላሊት ለእሷ ሰጣት። ይዛው ሐይቅ አክስቷ ዘንድ መጣች። አክስቷ እርጉዝ ነበረች፤ እንዲህ ያለ ፍጥረት እያየሁ ብውል በሆዴ ባለው ልጅ ላይ ይወጣል ብላ ፈራች፣ ወይ እሱ ይውጣ ወይ አንቺ ውጪ አለቻት። መሄጃ አልነበራትም። ሐይቁ ዳር ልትለቀው ተሳፈረች፤ መልቀቁ መግደል መሆኑን ግን ታውቅ ነበር። መንገድ ላይ ጭኗ ላይ ያለው ምን እንደሆነ ጠይቄያት ነፍስ ያለው ነገር ነው ብትለኝ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ፍጥነት ቀንሼ መንዳት እንደጀመርኩ ነገረችኝ። እኔ አላስታውሰውም። እሷ ግን በዚያ አምናኝ ስትወርድ ካርቶኑን ሆን ብላ ከወንበሩ ጀርባ አስቀመጠችው።

አልረሳችውም። ትታው ነው የሄደችው።

ተቆጣሁ፤ አልዋሽም። ስድስት ሳምንት የባለቤቱን ፊት እያሰብኩ ስጨነቅ፣ መስጊድ ሳስነግር፣ እሷ ይህችው ከተማ ውስጥ ነበረች። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት።

«ብነግርህ እምቢ ትለኝ ነበር» አለች።

ዘሀራ ወደ እኔ አየች።  እውነቷን ነው። አንድ የማላውቃት ልጅ ባጃጄ ውስጥ ቁጭ ብላ ይህን እንሽላሊት ውሰድልኝ ብትለኝ ኖሮ ስቄባት፣ ዘወር በይ ብያት እሄድ ነበር። ያንተ ነው ብባል በመጀመሪያው ቀን ሜዳ ላይ እጥለው ነበር። ያዳንኩት የሰው ስለመሰለኝ ብቻ ነው። ጥሩ ሰው ነህ ሲሉኝ የማፍረው ለዚህ ነው።

ሰናይት አልወሰደችውም። ደሴ ሥራ አግኝታለች፤ የምትኖረው ከሌሎች ሴቶች ጋር በአንድ ክፍል ነው። መኖሩን ካወቀች ይበቃታል። በወር አንድ ጊዜ ትመጣለች፣ ዘሀራ ምሳ ሳታበላት አትለቃትም። አሳ አጥማጁንም ወስጄ አሳይቼዋለሁ፤ ስሙን የዚያን ዕለት ነው የጠየቅሁት፣ አያ ሙሄ ይባላል።

አሁን እንግዳው የእኔ ነው፤ የሚጠይቀኝ ባለቤት የለውም። ጠዋት ጠዋት ግን ሣጥኑን ወደ ፀሐይ ሳወጣው፣ ነገ መጥቶ የሚረከበኝ ሰው እንዳለ አድርጌ ጅራቱንም እግሩንም አንድ በአንድ አያለሁ።