የመጨረሻው ጥራዝ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሁለት የልጆች ልቦለዶች ገዝታ መጣችና ገና ከቦርሳዋ ስታወጣቸው የሙጫቸው ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ገልጬ ባያቸው እኔ በልጅነቴ ያነበብኳቸው ናቸው፣ አዲስ ታትመው። «እማዬ፣ ከሁለቱ የቱ ይበልጣል?» ስትለኝ፣ ድስቱ ሊያርብኝ ነው ብዬ ወደ ማድቤት ገባሁ። ድስት ግን አልጣድኩም ነበር።

ቤታችን ቁስቋም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ሲወርዱ ነበር። አባቴ መጽሐፍ ደጓሽ ነበር፤ የተበተነ ዳዊት፣ አይጥ የቀመሰው ድርሳን ከትክል ድንጋይ ከተማ ድረስ በአህያ ተጭኖ ይመጣለታል፣ እሱም አብረው የታጠፉትን ቅጠሎች ጥራዝ በጥራዝ አስተካክሎ፣ በወስፌ በስቶ፣ በጅማት ሰፍቶ፣ ቆዳ አልብሶ ይመልሰዋል። እንደ አባቶቹ ወግ፣ ሲረከብ ጥራዙን በባለቤቱ ፊት ይቆጥራል፤ ሲመልስም «ቅጠሉ ሙሉ ነው» ይላል። ደረሰኙም ማኅተሙም ይህች ቃል ነበረች፣ በዚህች ቃል የታማ ደጓሽ ወስፌውን ቢጥል ይሻለዋል። እኔ ስድስተኛ ክፍል ስገባ ዓይኑ ደከመና ቆጠራውን ለእኔ ሰጠኝ፤ እኔ ጮክ ብዬ ስቆጥር እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማኛል።

በዚያው ዓመት የአማርኛ መምህራችን ጋሽ ወርቁ፣ እሳቸውም ገና ያላነበቧቸውን፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ ሁለት የልጆች ልቦለዶችን ከትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ቁምሳጥን አውጥተው በክርክር እናወዳድራቸው አሉ። አንዱ፣ እኛ «ባለ ተራራው» የምንለው፣ ተራራ ድምፁን የሰረቀው ልጅ ድምፁን ፍለጋ የሚወጣበት ነው፤ ሌላው፣ «ባለ ወፏ»፣ ሁለት እኅትማማቾች በደመና ጀልባ ወደ ወፎች አገር የሚሻገሩበት ነው። ዕጣው ለእኔ ባለ ተራራውን፣ ለጓደኛዬ ለትርንጎ ባለ ወፏን ሰጠ። ያሸነፈች ክረምቱን ሙሉ የቁምሳጥኑን ቁልፍ ትይዛለች ተባለ፤ እኔ ቁልፉን ባሰብኩ ቁጥር ምራቄን እውጥ ነበር።

መጻሕፍቱ ከእጅ ብዛት ተበታትነው ስለነበር፣ ከክርክሩ በፊት አባቴ እንዲጠርዛቸው ወደ ቤታችን ተላኩ። ባለ ወፏን ለመስፊያ ስደረድር የመጨረሻውን ጥራዝ አነበብኩት። ታናሿ ወፍ ሆና ትቀራለች፤ ታላቂቱ ብቻዋን ተመልሳ በየማለዳው በራፏ ላይ እህል ትበትናለች፣ ከሚለቅሙት ወፎች እኅቷ የትኛዋ እንደሆነች ግን አታውቅም። አለቀስኩ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ፣ ምክንያቱም የባለ ተራራው ልጅ ድምፁን አግኝቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ራቱን ከመብላት ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ትርንጎ ይህን ካነበበች አለቀልኝ ብዬ ጥራዙን በቀሚሴ ሸሽጌ ወጣሁና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው የፈረሰ ቤተ መንግሥት ግንብ ስንጥቅ ወሸቅኩት። ከዚያ አባቴ ፊት ተቀምጬ አስራ አንዱን ጥራዝ አስራ ሁለት አድርጌ ቆጠርኩለት። አመነኝ፤ ሰፍቶ ወስዶም ጋሽ ወርቁን «ቅጠሉ ሙሉ ነው» አላቸው።

የክርክሩ ዕለት አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ እኔን ሊሰማ መጣና ከኋላ ተቀመጠ። ትርንጎ ተራዋ ሲደርስ መጽሐፉን ከፍ አድርጋ «መጨረሻው የለም» አለች። ጋሽ ወርቁ ተቀብለው አገላበጡት፣ ከዚያ ቀና ብለው ወደ ኋላ አዩ።

«አያ ደምሴ፣ ቅጠሉ ሙሉ ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልኩ ሳለ አባቴ ቀድሞኝ ተነሣ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይኔ ደክሟል፣ የሆነ ቦታ ጥዬው ይሆናል» አለ። ወደ እኔ አላየም።

ትርንጎ ግን አልተቀመጠችም። መጨረሻውን ራሴ ልንገራችሁ ብላ፣ ታናሿ የራሷን ክንፎች ነቅላ ለእኅቷ መቅዘፊያ እንዲሆኗት እንደሰጠቻት ተረከችልን። ሐሰት መሆኑን ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ እጄን ባወጣ ደግሞ የማጋልጠው ራሴን ነው። እጆቼን ከጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። እሷ ቁልፉን ወሰደች።

ወደ ቤት ስንወጣ አባቴ መንገድ ላይ ቆመ። በተረት ነገር ጠይቆኝ አያውቅም።

«ልጄ፣ መጨረሻው እሷ እንዳለችው ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

«ይሁን» አለና መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ወደ ግንቡ ብሄድ ዝናቡ ጥራዙን ሊጥ አድርጎታል። ወሬው አምባ ጊዮርጊስ ድረስ ደርሶ፣ ዳዊታቸውን ሊያስጠርዙ ሰጥተውት የነበሩ አንድ ቄስ ሳይሰፋ መጥተው ወሰዱት። ትምህርት ቤቱም ዳግመኛ አልላከለትም። ያኔ ባለ ተራራው ይበልጣል ያልኩት የጠፋው ስለሚገኝበት ነበር፤ ዛሬ ልጄ መልስ ስትጠብቀኝ እውነቱን የሚናገረው ባለ ወፏ ይመስለኛል።

አባቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረ። በየቀኑ ከአንድ ገበታ በላን፤ ልነግረው የምችልበት ቀን ሞልቶ ነበር፣ አልነገርኩትም። እሱም አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም፣ እንደ ወትሮው ይስቅልኛል፣ ይመርቀኛል። ብቻ መጽሐፍ ሲመጣለት ቅጠሉን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ፣ ከንፈሩን እያነቃነቀ፣ ሲሳሳት እንደገና ከአንድ እየጀመረ፣ አጠገቡ ተቀምጬ እያየሁት ራሱ ይቆጥር ነበር።